የግቢያችን ውበትና የበጋው እሳት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤
ባሕር ዳር

ስለ ከተማችን ውበትና ስለ አረንጓዴ ልማት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች ዘወትር እከታተላለሁ። የመንገድ ዳር ዛፎች ለእግረኛ የሚሰጡት ጥላ፣ የአደባባይ አበቦች ለዓይን የሚሰጡት ደስታ፣ የግቢ ተክሎች ለወፎችና ለንቦች ያላቸው ጥቅም በተደጋጋሚ ተጽፏል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። አንድ ጉዳይ ግን ሲነሣ አላየሁም። ይኸውም ከቤታችን ዙሪያ የምንተክለው ተክልና የምንተክልበት ቦታ በበጋ ወራት እሳትን ወደ ቤት ሊያመጣም ከቤት ሊያርቅም የመቻሉ ጉዳይ ነው። ግቢን የሚያስውበውና ግቢን ከእሳት የሚጠብቀው አሠራር በአብዛኛው አንድ እንደሆነ፣ አብነቱንም ፍለጋ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ እዚሁ ጣና ዳር እንደምናገኘው፣ እኛ ግን ከዚህ አብነት እየራቅን እንደሆነ በዚህ ደብዳቤ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ የስጋቱን መጠን ሳያጋንኑ መናገር ያስፈልጋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች፣ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ስለሆነች፣ የሰደድ እሳት ነገር ለብዙዎቻችን የሌላ አገር ወሬ ይመስለናል። ነገር ግን ይህ ዝናብ በአብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ክረምቱ በየባዶ ቦታው፣ በየቦዩ ዳርና በየአጥሩ ሥር ያበቀለው ሣር በየካቲትና በመጋቢት ደርቆ ገለባ ይሆናል፤ ዝናቡ የበረከተበት ዓመትም በበጋው የሚነደውን ነገር አብዝቶ ትቶ ያልፋል። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሣው ነፋስ፣ ሙቀቱን ስለሚያበርድልን የምንወደው ቢሆንም፣ በአንድ በኩል የተለኮሰን እሳት ወደ ሌላው በኩል ለመግፋት ጉልበት አያንሰውም። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት ጓሳውንና አስታውን ሲበላ፣ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ ከመረባረቡም ሌላ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ አስፈልጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ለሳምንታት የነደደው እሳትም ከብዙዎቻችን አእምሮ አልጠፋም። ባሕር ዳር እንደነዚህ ያለ ነገር ይደርስባታል ማለቴ አይደለም። የእኛ እሳት ትንሽ ነው፤ ለማሳ ዝግጅት ከተለኮሰ ቃርሚያ፣ ለከሰል ከተከመረ እንጨት፣ ከማር ቆራጭ ጭስ ወይም ከቡና በኋላ ከተደፋ ፍም የሚነሣ፣ አንድ ጎጆ፣ አንድ የጭድ ክምር ወይም አንድ ጓሮ የሚበላ እሳት ነው። ይሁንና ከተማዋ ወደ ገጠሩ ቀበሌ እየሰፋች፣ አዳዲስ ሰፈሮች በባሕር ዛፍና በሣር ሜዳ መካከል እየተሠሩ ሲሄዱ ይህ ትንሽ እሳት የሚያገኘው ቤት እየበዛ መሄዱ አይቀርም።

ቤት በሰደድ እሳት እንዴት እንደሚቃጠል በሚገባ ያጠኑት፣ ችግሩ እጅግ የከፋባቸው አገሮች ናቸው። በአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበሩት ጃክ ኮኸን ለብዙ ዓመታት ባካሄዱት ጥናት፣ ካናዳ ውስጥ ሆን ተብሎ በተለኮሰ የደን ቃጠሎ ፊት የእንጨት ግድግዳዎችን በተለያየ ርቀት አቁሞ መፈተንን ጨምሮ፣ ብዙዎች ያልጠበቁትን ነገር አሳይተዋል። ከ40 ሜትር በላይ ርቆ የሚነድ ዛፍ በሙቀቱ ብቻ የእንጨት ግድግዳ የማቀጣጠል ዕድሉ አነስተኛ ነው። አብዛኛውን ቤት የሚያቃጥለው የነበልባሉ ግንባር ሳይሆን ከነበልባሉ ቀድሞ በነፋስ የሚበር ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪው ጣሪያ ላይ በተጠራቀመ ቅጠል፣ በአሸንዳ ውስጥ፣ በግድግዳው ሥር ባለ ደረቅ ሣር ወይም በበረንዳው አጠገብ በተደረደረ ማገዶ ላይ ያርፋል፤ እዚያ በቀስታ ይያያዛል፤ ሰው ሳያየውም ወደ ቤቱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርኒያ ፓራዳይዝ የተባለችውን ከተማ ባጠፋውና 85 ሰዎች በሞቱበት እሳት፣ ቤቱ አመድ ሆኖ ከአጠገቡ ያለው ዛፍ ግን ቅጠሉ ሳይረግፍ ቆሞ የታየበት ቦታ ብዙ ነበር። ከዚህ የምንረዳው የቤቱን ዕጣ የሚወስነው ከሩቅ ያለው ጫካ ሳይሆን ቤቱ ራሱና ከቤቱ አጠገብ ያሉት ጥቂት ሜትሮች መሆናቸውን ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ መልካም ዜና ነው፤ ጥቂት ሜትር በባለ ቤቱ እጅ ያለ ነገር ነውና።

ይህን ይዘን ወደ ራሳችን ግቢ እንመልከት። ባለፉት ዓመታት በባሕር ዳር የተሻለ ኑሮ ምልክት ሆኖ የተስፋፋው የፈረንጅ ጥድ አጥር ነው። በመቀስ ተስተካክሎ ሲቆም ከውጭ ሲያዩት አረንጓዴ ግንብ ነው፤ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ለተመለከተው ግን ብርሃን ያጣው የውስጥ ቅርንጫፉ ሁሉ ደርቆ፣ የረገፈውም ቅጠል እዚያው ተሰቅሎ ይገኛል። በዘይትና በሙጫ የተሞላ ተክል መሆኑ ሲጨመርበት፣ በተለይ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲተከል፣ እሳት ከመንገድ ዳር እስከ መኝታ ቤት መስኮት የሚሄድበትን መንገድ በገዛ እጃችን አበጀን ማለት ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ የምንተክለው ጠጅ ሳር መልካም መዓዛ ቢኖረውም ሥሩ ላይ የደረቀ ቅጠል ያከማቻል፤ ሥጋ መጥበሻም ዘይት ያለው ተክል ነው። ከተማችን የምትታወቅባቸው ዘንባባዎች ደግሞ ሲያምሩ ያምራሉ፤ የደረቀው ዝንጣፊያቸው ሳይቆረጥ በግንዳቸው ዙሪያ ሲንጠለጠል ግን እሳት ከያዛቸው ፍንጣሪ የሚረጩት እነርሱ ናቸው። በገጠሩ ቀበሌዎችና በከተማው ዳርቻ ደግሞ የጭድና የሣር ክምር፣ የኩበት ቁልልና የማገዶ ክምር ከቤቱ ጎን፣ አንዳንዴም ከማድቤቱ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ይቀመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጭዱም ማገዶውም ከቤት ሲርቅ ይሰረቃል፤ ለሴቶችም ድካም ይጨምራል። ይህን ምክንያት ሳያነሡ «ክምሩን አርቁ» ብሎ መምከር ሰሚ ያገኛል ብዬ አላስብም፤ መካከሉን ግን መፈለግ ይቻላል፤ ክምሩ ከነፋሱ መምጫ ተቃራኒ በኩል፣ በዓይን በሚታይ ቦታ፣ ሣሩ ታጭዶ መሬቱ በተጠረገበት ላይ ሊቆም ይችላል።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ብዙ ቁጣ ሲነገር እሰማለሁ፤ እኔ ግን ቁጣውን አልጋራም። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤታችንን የሠራንበት፣ እንጀራችንን የጋገርንበት፣ ብዙ ገበሬም ልጆቹን ያስተማረበት ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ቅጠሉ ዘይት አለበት፤ ከግንዱ እየተላጠ የሚወድቀው ቅርፊትም ከሥሩ ሲከማች በቀላሉ የሚያያዝ፣ በነፋስ ሲነሣም እየነደደ ሩቅ የሚሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ኮረብታዎች 25 ሰዎች ሲሞቱና ወደ 3,000 የሚጠጉ ቤቶች ሲወድሙ፣ በቤቶቹ መካከል የተተከለው ባሕር ዛፍ ለእሳቱ ከፍተኛ ድርሻ እንደነበረው ተመዝግቧል። ባሕር ዛፍ ቦታው ማሳ ነው፤ የመኖሪያ ቤት አጥር ሊሆን አይገባውም።

አሁን ወደ አብነቱ ልምጣ። በጎጃምም ሆነ በደቡብ ጎንደር አንድ የቆየ ደብር ሲታይ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ቤተ መቅደሱ መካከል ላይ ይቆማል። ዙሪያውን ምእመናን ቆመው የሚያስቀድሱበት፣ ታቦት በወጣ ጊዜ ሦስት ጊዜ የሚዞርበት ገላጣ ዐውደ ምሕረት አለ፤ ይህም በየጊዜው የሚጠረግ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ወይም ሣሩ በአጭሩ የሚያዝ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ዛፉ ይጀምራል፤ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ዶቅማው፣ ዝግባው እየጠና ይሄዳል። በመጨረሻም የድንጋይ ቅጥር ያጥረዋል፤ ከቅጥሩ ውጭ ማሳው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ካካሄዱት ጥናት በኋላ ብዙ ደብሮች በአዲስ የድንጋይ ካብ ታጥረዋል። ካቡ የተሠራው ከብት እንዳይገባና ቡቃያው እንዳይበላ ነው እንጂ ስለ እሳት ታስቦ አይደለም፤ ዐውደ ምሕረቱም ገላጣ የሆነው ለሥርዓቱ ሲባል ነው። ነገር ግን በካሊፎርኒያ ሕግ ለሰደድ እሳት በተጋለጠ አካባቢ ቤት ያለው ሰው በዙሪያው እስከ 30 ሜትር ድረስ እንዲያዘጋጀው የሚያስገድደውን የቦታ አቀማመጥ ከዚህ ጋር ላስተያየው ሰው ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ መካከሉ ባዶ፣ ቀጥሎ የተራራቀ ተክል፣ ራቅ ብሎ ጥቅጥቅ ያለው ዛፍ። ጧፍና ማዕጠንት በማይጠፋበት ቤት፣ ይህ ባዶ ቦታ ቤተ ክርስቲያኑን ከደኑ ብቻ ሳይሆን ደኑንም ከቤተ ክርስቲያኑ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ከዚህ የተሻለ ውብ ግቢ በአገራችን ያየ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው አብነት ዘጌ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና ሌሎቹን ገዳማት ለመሳለም በጀልባ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ ከወደቡ እስከ ገዳሙ በጥላ ሥር ይሄዳል። በዘጌ በአባቶች ሥርዓት ማረስና የቀንድ ከብት ማርባት የተከለከለ ስለሆነ ሕዝቡ በቡናና በጌሾ ሲተዳደር ኖሯል፤ ግጦሽ ለማደስ ተብሎ ሣር የሚለኮስበት ምክንያትም የለም። ከላይ ብርብራና ዋንዛ፣ ከሥር ቡና፣ ቡናው ሥር ደግሞ ለለቀማ ሲባል በየጊዜው የሚመነጠር መሬት አለ። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው መሬት ቶሎ አይደርቅም፤ ነፋስም በዛፎቹ መካከል ይደክማል፤ እሳት ከመሬት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ዛፉ ጫፍ የሚወጣበት መካከለኛ ቁጥቋጦም ተመንጥሯል። ስለዚህ «ከእሳት ለመዳን ዛፉን ሁሉ መቁረጥ አለብን» የሚል ሰው ቢመጣ መልሱ ዘጌ ነው። ጠላታችን ደረቁና እርስ በርሱ የተጠጋጋው ነገር ነው እንጂ አረንጓዴው አይደለም። እንዲያውም ዛፉ ተቆርጦ መሬቱ ለፀሐይ ሲጋለጥ የሚበቅለው ረጅም ሣር ከዛፉ ይልቅ በፍጥነት ይነዳል።

እነዚህን ሁለቱን ወደ መኖሪያ ግቢ ለማምጣት ልኩን ማወቅ ይበቃል። ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ የሚነድ ነገር ምንም አለመኖሩ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ወይም ጠጠር ቢነጠፍበት፣ ለዓይን ንጹሕ ከመሆኑም በላይ የክረምቱ ዝናብ ከጣሪያ እየወረደ የጭቃውን ግድግዳ እንዳይበላው ይከላከላል፤ ምስጥም ወደ ቤት ሲሄድ በግልጽ ይታያል። አበባ የሚወድ ሰው በዚህ ንጣፍ ላይ ሬት ወይም እንዳሁላ በሸክላ ማሰሮ ተክሎ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሁለቱም ቅጠላቸው ውኃ የቋጠረ ስለሆነ ቶሎ አይነዱም፤ የፕላስቲክ ማስቀመጫ ግን እዚህ ቦታ የለውም። በቆርቆሮ ጣሪያና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተትም በወንፊት ሽቦ መሸፈን አለበት፤ ግድግዳውና ጣሪያው ደህና ሆኖ ሳለ ፍንጣሪ በዚያ ገብቶ የኮርኒሱን ላይ የደረቀ እንጨት ሊያገኝ ይችላል። ሥራው የግቢ ሥራ ባይሆንም በዚሁ ዕለት ከአሸንዳው ጽዳት ጋር አብሮ የሚሠራ ነው።

ከዚያ እስከ 10 ሜትር ያለው ቦታ የጓሮ አትክልቱና የፍራፍሬው ቦታ ነው፤ ለእኔ የግቢው ደስታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎመንና ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ ሎሚው፣ ፓፓያው፣ ቡናው በበጋም ውኃ ስለሚጠጡ እርጥብ ሆነው ይቆያሉ። ኮባና ሙዝ ውኃ የበዛባቸው ተክሎች ስለሆኑ ለዚህ ቦታ የተስማሙ ናቸው፤ የደረቀ ቅጠላቸውን በየጊዜው ማንሣት ግን ያስፈልጋል፤ ለዳቦ መጋገሪያ የሚፈለገው እርጥቡ ስለሆነ ደረቁ ተሰቅሎ ይረሳል። ተክሎቹ አንድ ላይ ተጠጋግተው ከሚቆሙ ይልቅ በመደብ በመደብ ተለያይተው በመካከላቸው የድንጋይ ወይም የጠጠር መተላለፊያ ቢኖር እሳቱ መሻገሪያ ያጣል፤ ግቢውም ይሰፋል፤ የሚሠራበትም ሰው ጭቃ አይረግጥም። ማንጎውንና አቮካዶውን በተመለከተ፣ ካደጉ በኋላ እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለውን የታችኛውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ ከሥራቸውም ቁጥቋጦ አለመትከል ነው። ከዛፉ ሥር ቁጥቋጦ መኖሩ ግድ ከሆነ፣ ቁጥቋጦው አንድ ሜትር ቢረዝም ከጫፉ እስከ ዛፉ የመጀመሪያ ቅርንጫፍ ድረስ የሦስት ሜትር ክፍተት እንዲኖር ባለሙያዎች ይመክራሉ። ሣሩ ከኅዳር ጀምሮ ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ እንዲረዝም መተው አይገባም። እንደ ቤዛዊት ባለ ኮረብታ ላይ ወይም ተዳፋት ላይ ቤት የሠራ ሰው ደግሞ ከቁልቁለቱ በኩል ያለውን ቦታ ከሌላው የበለጠ ማስፋት አለበት። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ከፊቱ ያለውን አስቀድሞ እያሞቀና እያደረቀ ስለሚሄድ ይፈጥናል፤ አውስትራሊያውያን በሚጠቀሙበት ልኬት መሠረት ተዳፋቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል።

አጥሩን በተመለከተ፣ ከፈረንጅ ጥድ ይልቅ አያቶቻችን የሚያውቁት ሰንሰል ይሻላል ባይ ነኝ። ሰንሰል ቅጠሉ ሰፊና ለምለም፣ አበባው ነጭ፣ ንብ የምትወደው፣ ለመትከልም ቁራጭ ግንድ እንጂ ችግኝ የማይጠይቅ ነው። እርግጥ ነው፣ እንደ ጥዱ በመቀስ ሳጥን አስመስሎ ማቆም አይቻልም፤ ትንሽ እንደ ገጠር አጥር ይመስላል፤ ምናልባት የተናቀውም ለዚህ ይሆናል። ቅንጭብም ለእሳት አይመችም፤ ነገር ግን ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልጆች ባሉበት ግቢ አልመክረውም። የእንጨት ወይም የቀርከሃ አጥር ያለው ሰው ደግሞ ከቤቱ ጋር የሚገናኝበትን የመጨረሻውን ሜትር ተኩል በድንጋይ ወይም በቆርቆሮ ቢተካው አጥሩ ቢያያዝ እንኳ እሳቱ እዚያው ይቆማል። ምንም ዓይነት ተክል ግን «አይቃጠልም» ተብሎ መሸጥ የለበትም። ውኃ የተጠማና ያልተገረዘ ሰንሰልም ይነዳል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የውኃ ነው። በበጋ የቧንቧ ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር አትክልት አጠጡ ማለት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ሆኖም 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት፣ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ፣ 84,000 ሊትር ውኃ ይወርድበታል። የሚባክነው ባክኖ እንኳ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በክረምት ደጋግሞ ይሞላል። ችግሩ ሮቶው መስከረም ላይ ሞልቶ ጥር ላይ ማለቁ ነው። ስለዚህ ውኃ የሚፈልገውን ተክል ለቤቱ ቅርብ አድርጎ፣ ራቅ ያለውን ቦታ ሥሩ ጥልቅ ለሆነ አገር በቀል ዛፍ መተው፣ የልብስና የዕቃ እጣቢውንም ለኮባውና ለፍራፍሬው ማዋል ይገባል። ከሮቶው ግርጌ ጥቂቱን ሳይነኩ ለአደጋ ማቆየት፣ እስከ ጣሪያው የሚደርስ ጎማም ከቧንቧው ጋር ማኖር ጠቃሚ ነው።

ሌላው የሚያከራክረው የጉዝጓዝ ጉዳይ ነው። የግብርና ባለሙያዎች እርጥበት እንዲቆይ አፈሩን በገለባና በደረቅ ሣር ሸፍኑ ብለው ይመክራሉ፤ ምክራቸውም ትክክል ነው፤ ለእሳት ግን ገለባው ገለባ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው በቦታ ነው፤ ለቤቱ ቅርብ በሆነው መደብ ላይ ጠጠር ወይም በሚገባ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ ራቅ ባለው ላይ ደግሞ ጉዝጓዝ። ኮምፖስቱን ለማግኘትም የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ከበር ላይ የማቃጠል ልማዳችንን ብንተው ይበቃል። ይህ ልማድ በደረቅ ወር፣ ነፋስ በሚነፍስበት ሰዓት፣ ከጎረቤት አጥር ሥር እሳት መለኮስ መሆኑን ዘንግተነዋል፤ ለአፈሩ የሚሆነውንም ምግብ ጭስ አድርገን ለጎረቤት እንልካለን። ከምድጃና ከቡና የተረፈ ፍምም አመድ መስሎ ለሰዓታት ስለሚቆይ፣ ውኃ ሳይነካው ከተክል ሥር መድፋት አይገባም።

በሐይቁ ዳር ስለሚሠሩት ሎጆችና መዝናኛዎች ጥቂት ልበል። ለእንግዳ የሚማርከው የሣር ክዳን ጎጆ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅር ማለትም አልፈልግም። ነገር ግን የሣር ክዳን ለፍንጣሪ ከምንም ነገር የበለጠ የተመቸ ማረፊያ ስለሆነ፣ ጎጆዎቹ ተራርቀው እንዲሠሩ፣ ከሣሩ ሥር ቆርቆሮ እንዲኖር፣ ማድቤቱና የከሰል ምድጃው ከነፋሱ መምጫ በኩል እንዳይሆን፣ በመካከላቸውም እንደ ዐውደ ምሕረቱ ያለ ገላጣና የተነጠፈ ቦታ እንዲተው የግንባታ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ቢያዝ፣ የሎጆቹ ውበት የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ አይሆንም። በሌላ በኩል «ለእሳት መከላከያ» በሚል ምክንያት የሐይቁ ዳር ደንገልና ፊላ እንዳይመነጠር አጥብቄ እቃወማለሁ። ሥሩ ውኃ ውስጥ ያለ እርጥብ ደንገል ቶሎ አይነድም፤ ደለል ያስቀራል፤ ዓሣ ይራባበታል፤ የታንኳ ሠሪውም እንጀራ ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ቦታ ሆኖ የተመዘገበው እንዲህ ባለው ሀብቱ ነው። አደጋው ያለው ውኃው በበጋ ሲሸሽ ለእርሻ ተብሎ የደረቀው ደንገልና ሣር በሚለኮስበት ባሕር ሸሽ መሬት ላይ ነው፤ እርሱም መከልከል ያለበት በልኮሳው እንጂ በተክሉ አይደለም።

«አሥር ሜትር ከየት ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ አልዘነጋሁትም። በማኅበር ተደራጅተው ለተሠሩት ቤቶች የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ የአንዱ ግድግዳ ከሌላው አጥር ጋር ይገናኛል። በእንዲህ ዓይነት ሰፈር የአንድ ሰው ጥንቃቄ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ጎረቤቱ ከአጥሩ ማዶ ማገዶ ከከመረ ያው ነው። ስለዚህ ነገሩ የግቢ ሳይሆን የሰፈር ጉዳይ ይሆናል። ሰፈርን ለአንድ ሥራ ለማንቀሳቀስ ደግሞ ከእድር የተሻለ አደረጃጀት የለንም። እድሮች በጥርና በየካቲት አንድ አንድ ቀን መድበው የጋራ መንገዱን ሣር ቢያጭዱ፣ የእሳት አደጋ መኪና ሊገባበት የሚገባውን የውስጥ መንገድ ከክምርና ከተንዘረፈፈ ቅርንጫፍ ቢያጸዱ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር የሚፋተገውን ዛፍ ለሚመለከተው ክፍል ቢያስታውቁ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ቅርንጫፉን ራሳቸው ለመቁረጥ ግን መሰላል እንዳይሰቅሉ።

የከተማው አስተዳደር በበኩሉ በኮሪደር ልማቱም ሆነ በየዓመቱ በሚካሄደው የችግኝ ተከላ ምን ዓይነት ችግኝ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እርሱ ነው። ለመኖሪያ ግቢ የሚታደለው የፈረንጅ ጥድ ቀርቶ በምትኩ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዶቅማ፣ ቡናና ፍራፍሬ ቢሆን፣ ከችግኙም ጋር «ከግድግዳ ይህን ያህል ሜትር አርቃችሁ ትከሉ» የሚል አጭር ማስገንዘቢያ ቢሰጥ፣ ወጪው ከአሁኑ የሚበልጥ አይመስለኝም። የዘንባባዎቹን ደረቅ ዝንጣፊ በየዓመቱ ከታኅሣሥ በፊት ማንሣትም የዚሁ አካል ነው። ነገር ግን ለሰኔና ለሐምሌ ተከላ የሚደርስ ችግኝ በችግኝ ጣቢያ የሚፈላው ከወራት በፊት ስለሆነ፣ የትኛው ዘር እንደሚገዛ መወሰን ያለበት ክረምቱ ሲገባ ሳይሆን በበጋው መጀመሪያ ነው። የዘንድሮው የዘር ግዥ ገና ካላለቀ፣ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ዝርዝሩን አንድ ጊዜ እንዲመለከቱት በጋዜጣችሁ በኩል በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ